ሰንጋው ከመጫኑ በፊት ምን በላ?

ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰንጋ ለዚህ መንገድ ሲዘጋጅ ሁለት ስህተቶች ይሠራሉ። አንዱ ነጋዴ መኪናው እንዳይቆሽሽ ብሎ ከብቱን ጦሙን ያሳድረዋል። ሌላው ክብደት እንዲያነሳለት ጨው አልሶ ውሃ ይሞላዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ጦሙን የተጫነ ከብት መጀመሪያ የሚያጣው በጨጓራው ያለውን መኖና ውሃ ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ሥጋውም ይቀንሳል። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ 6 በመቶ ቢቀንስ 18 ኪሎ ነው። በ20 ሰንጋ 360 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሰንጋ መንገድ ላይ ቀረ እንደ ማለት ነው። በውሃ የተነፋው ደግሞ ወለሉን ቶሎ ያረጥበዋል፤ አንዱ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሌሎቹ ይረግጡታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት የለመደውን ድርቆሽ አብሉት፤ ለምለም ሣር ወይም እህል በድንገት አትጀምሩለት። ጨው ሳይገፋው፣ እስከ መጫኛው ሰዓት እንደ ጥማቱ ይጠጣ። ወለሉ ላይ አሸዋ አልብሱ። ገዢ በዓይን በሚገምትበት ገበያ የጎደጎደ ጎን ዋጋ ይሰብራል።

ጥቂት እስር ድርቆሽ ነው ወይስ አንድ ሰንጋ የሚበልጠው? ከመጫናችሁ በፊት አስሉት።