ጥፋቱ የጭቃው አይደለም

የአያቴ ቤት በጎፋ ሰፈር የሚገኝ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ብርዱ ስለ ጸና አያቴ የከሰሉን ማንደጃ ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ሁላችንንም ያዞረን ጀመር። እግዚአብሔር ረድቶን በሩን ከፍተን ወጣን። ከዚያ ቀን ወዲህ አጎቴ «ይህ የጭቃ ቤት ሊገድለን ነው፤ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም።

ነገሩን እንመርምረው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች በበጋ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል። የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ማታም ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። ታዲያ ብርዱ በየት ገባ? ከሁሉ ይልቅ በጣራው ነው። አባቶቻችን ቤታቸውን በሣር ይከድኑ ነበር፤ ሣሩም በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ ከተማችን የገባው ቆርቆሮ ዝናምንና እሳትን ስለሚከላከል ተወደደ፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። በአያቴ ቤት ደግሞ የአቡጀዴው ኮርኒስ ተቀዷል፤ በበሩ ሥርና በግድግዳው ስንጥቅም ነፋስ ይገባል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ስንጥቁን ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ መምረግ ነው። ሲሚንቶ ግን ከጭቃ ጋር ስለማይዋሐድና እርጥበትን ስለሚያፍን አይበጅም። ከቆርቆሮው ሥር ደኅና ኮርኒስ ማልበስ፥ የበሩንም ሥር መድፈን ያስፈልጋል። በተደፈነ ቤት ውስጥ ግን ከሰል ከቶ አይግባ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነውና። ለአየር መውጫም ከፍ ብሎ ቀዳዳ ይተው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆልናል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰካት ነው እንጂ ምን ጭቃ ያስቦካል?» ይሉኛል። በግድቡ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን በተቀደደ ኮርኒስ ሥር ምድጃ መሰካት በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ነው። ሒሳቡን ከጡረታቸው የሚከፍሉትም አያቴ ናቸው። ደግሞም መብራት ገና ያልደረሳቸው ብዙ የገጠር ወገኖች አሉንና፥ ያለውን ማባከን አይገባንም።

የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ቅርስ ሆኖ የአዲስ አበባ ሙዚየም ተደርጓል፤ መልካም ነው። የአያቶቻችን ትንንሽ ቤቶች ግን ሙዚየም ባይሆኑም ሰው የሚያድርባቸው ናቸው። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ለማፍረስ ከመነሣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። እኛም ተማሪዎች ጭቃ ማቡካትን አንፈር። አጎቴ ዝናሙ አባርቶ መስከረም እስኪጠባ እንዲታገሡኝ ለምኛቸዋለሁ። ጭዱን የምሸከመው እኔ ነኝ።