«ለማን ይሁን?»

እንጅባራ ላይ ክረምት ሲገባ ጓዳ ይሸታል። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቡም ጉሙም ቶሎ አይለቃትም። ግድግዳ ተደግፎ የተቆለለ ነገር ሁሉ ርጥበት ስቦ ይሻግታል። የእናቴን ጓዳ ማራገፍ የጀመርነው በዚህ ሽታ ምክንያት ነው። በየቅዳሜው አንድ ማዳበሪያ ብቻ ልንፈታ ተስማማን፤ ከዚያ ካለፈ እናቴ ትደክማለች፣ አለዚያም ትቆጣለች።

ማዳበሪያ የምለው ባዶ ከረጢቱን ነው። መጀመሪያ እህል ይይዛል፣ ቀጥሎ ልብስ፣ በመጨረሻ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ነገር። ከአንደኛው ክዳን የሌላቸው ሃይላንዶች፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ በሩ የተነቀለ ቴፕ፣ በ2015 ዓ.ም. ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር ፈላጊ ያጡ የታናናሾቼ መጻሕፍት ወጡ። ከሁለተኛው በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩ አሮጌ የመቶ ብር ኖቶች ተገኙ። መስከረም 2013 ብር ሲቀየር የተሰጠው የሦስት ወር ጊዜ ካለፈ ስንት ዓመቱ! እናቴ አየቻቸው፣ ቆጠረቻቸው፣ መልሳም ቋጠረቻቸው። «ወረቀትም ቢሆን ላብ ነው» አለች። ማናችንም አልተከራከርናትም።

ስዊድናውያን ለዚህ ሥራ ስም አላቸው፤ ዶስታድኒንግ ይሉታል፣ የሞት ጽዳት ማለት ነው። ማርጋሬታ ማግኑሶን የተባሉ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ ጽፈውበት ዓለም አወቀው። ሰው በቁሙ ዕቃውን አራግፎ ልጆቹን ከጣጣ ያሳርፍ ነው ነገሩ። ደግ አሳብ ነው፤ ግን እስቲ ለእናታችሁ ይህንን በሏት። «ሞቴን ነው የምትጠሩት?» ትላችኋለች፣ አይፈረድባትም። እኛ ቤት ሥራው ሲሠራ የከረመው «ርጥበት እንዳያበላሸው» በሚል ስም ነው።

«የእኛ ሰው ዕቃ ማስወገድ አይሆንለትም» ሲባል እሰማለሁ። በየቅዳሜው ያየሁት ግን ሌላ ነው። እናቴ አንድም ቀን «አልሰጥም» አላለችም። ዕቃው በወጣ ቁጥር የምትጠይቀው «ለማን ይሁን?» ብላ ነው፤ መልስ ያጣነው እኛ ነን።

ለልብስ መልስ አለ። «ልዋጭ!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌውን ወስደው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። (እርግጥ በልብስ የተራገፈው ጓዳ በሳፋ ይሞላል።) ብረታ ብረትም ገዢ አያጣም። የባትሪው ድንጋይ፣ የተሰበረው ቴሌቪዥን፣ የፌስታሉ ክምር ግን ማን ዘንድ ይሂድ? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ መልካም። ከአዋጁ በፊት ጓዳ የገባውን ግን የሚቀበል ሰው ሰፈራችን አልመጣም። ስለዚህ አንዱ ቤቱን ሲያጸዳ ቦዩ ይሞላል፤ ሐምሌ ላይ ጎርፉ ያንኑ ጠራርጎ ከታች ያለው ጎረቤት ደጅ ያወርደዋል። ቤት ጸዳ እንላለን።

ከሁሉ ያስገረመኝ የሰሃኑ ብዛት ነው። ለታላቅ እህቴ ሠርግ የተገዛ ስልሳ ሰሃንና ሦስት ትልልቅ ድስት፣ ከሠርጉ ወዲህ ስንቴ እንደወጣ በጣት ይቆጠራል። ዕድር እኮ ይህንን ጉዳይ ድሮ ጨርሶታል! እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድንኳን እንዲገዛ ያሰበ የለም፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ በጋራ ይቀመጣል፣ የከፋው ቀን ለደረሰበት ይወጣል። ለሐዘን የሠራው አሠራር ለሌላው ለምን አይሆንም? ሕመምተኛ የተሻለው ቤት ክራንች ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሁለት ቤት አልፎ ደግሞ በዱላ የሚያነክስ አለ። መዝገቡ ላይ አንድ ገጽ፣ የሚሰጥና የሚፈለግ የሚጻፍበት፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህንን ለሰፈራችን ዕድር ዳኛ ባነሣላቸው «እኛ ጎተራ ነን እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሰሃኑን ግን ቆጥረው ተረከቡ። እናቴ በሳምንቱ ሄዳ የት እንደደረደሩት አይታ መጣች።

ኮርቻውን ለማንሣት የደፈረ አልነበረም። የአባቴ ነው። ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች የሚዘክረው የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ሜዳ በፈረስ ይሞላል፣ አባቴም አይቀርም ነበር። እሱም ፈረሱም ካለፉ በኋላ ኮርቻው፣ ልጓሙና ባለጥልፉ ግላስ ግድግዳው ላይ ቀሩ፤ ቆዳው አረንጓዴ ሻጋታ ጀምሮት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ራሷ የጎረቤታችንን ልጅ አስጠራችው። ፈረስ አለው፣ ኮርቻ ግን በውሰት ነው የሚጋልበው። «ኮርቻውንም ልጓሙንም ውሰድ፣ ያንተ ነው» አለችው። «ግላሱን ግን ጥር 24 ትመልስልኛለህ።»

መለሰ። አሁን ግላሱ ብቻውን እዚያው ምስማር ላይ አለ። የፈረስ ላብ ይሸታል፤ እናቴ እንዳይታጠብ ብላለች።