ለሐሰተኛው ጋዜጠኛ የሐሰት መርዶ



ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጆች «ቱሞሮው ኔቨር ዳይስ» የተባለውን የጄምስ ቦንድ ፊልም ሲያዩ እኔም አብሬ ተቀመጥሁ። ፊልሙ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የወጣ ነው። ልጆቹን ከሁሉ ደስ ያሰኛቸው ፒርስ ብሮስናንና የቻይናዪቱን ሰላይ ሆና የምትሠራው ሚሼል ዮ በአንድ ካቴና ታስረው በሞተር ብስክሌት ከሄሊኮፕተር ሲያመልጡ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጋዜጣው ነው። ክፉው ሰው ኤልየት ካርቨር የሳተላይትና የቴሌቪዥን ባለጸጋ ሲሆን፥ «ነገ» የሚባል ጋዜጣም አለው። ይህ ሰው የእንግሊዝን የጦር መርከብ በሐሰተኛ ምልክት ከመንገዷ አሳስቶ በደቡብ ቻይና ባሕር ያሰጥማታል፤ የተረፉትንም መርከበኞች ሎሌዎቹ በቻይና ጥይት ይፈጇቸዋል። ምክንያቱም ሁለቱ መንግሥታት ቢዋጉ ወሬው ይሸጥለታል፤ በቻይናም ለመቶ ዓመት ብቻውን የማሠራጨት መብት ያገኛል። መርከበኞቹ ሲሞቱ እሱ ተቀምጦ ለርዕሱ ቃል ያማርጣል። ከሚያጋልጡትም ነገሮች አንዱ ይኸው ችኮላው ነው፤ ሬሳው ከባሕር ሳይወጣ የሟቾቹን ነገር አትሞ ተገኘ።

ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። በ1898 «ሜይን» የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ሐቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ260 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጣ ምርመራው ሳያልቅ ጥፋቱን በእስፓኝ ላይ አላከከ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ጦርነት ሆነ። ጋዜጣ ብቻውን አመጣው አልልም፤ ነገር ግን በ1976 አድሚራል ሪክኦቨር ያስጠናው ጥናት ፍንዳታው ከራሷ ከመርከቧ ውስጥ የተነሣ መሆኑን አመለከተ። መርዶው ከደረሰ ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

ብዕር ያስነሣኝ ግን የፊልሙ መጨረሻ ነው። ካርቨር ከተገደለ በኋላ የቦንድ አለቃ ለጋዜጦች የሚሰጥ መግለጫ ታጽፋለች፤ ካርቨር በመዝናኛ መርከቡ ሲንሸራሸር ባሕር ገብቶ ጠፋ፥ ራሱንም ሳይገድል አልቀረም የሚል ነው። የእንግሊዙ የጋዜጣ ባለቤት ሮበርት ማክስዌል በ1991 ከመርከቡ ላይ ጠፍቶ ሬሳው ከባሕር መገኘቱን የሚያስታውስ ሰው ነገሩን በቀልድ ያልፈዋል። ልጆቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ሰዓት ያህል የሐሰት ወሬ ሰው እንደሚፈጅ ሲያሳየን የቆየ ፊልም፥ ሐሰቱን የመንግሥት ሹም ስታጽፈው እንደ ጥሩ ሥራ ቆጠረው። ያ መግለጫ እንዳለ ቢታተም፥ የመርከበኞቹ እናቶች በማግሥቱ የሚያነቡት የአንድ ባለጸጋ መስጠም ነው እንጂ የልጆቻቸው ገዳይ ማን እንደ ሆነ አይደለም።

ትልቁ ልጅ፥ «ጋሼ፥ እውነቱ ቢነገር እኮ ሕዝብ ይታወካል» አለኝ። ካርቨርም ቢጠየቅ የራሱን ምክንያት እንደማያጣ መለስሁለት። «እሱ የሠራው ለገንዘብ ነው፤ እሷ ለአገሯ ነው» አለ። «ለአንባቢው በምን ይለያል?» አልሁት። ቡናው እስኪፈላ ተከራከርን፤ እሱም አልተረታ፥ እኔም አልተረታሁ። የአንባቢዎችን አሳብ በዚሁ ዓምድ ባነብ ደስ ይለኛል።

አንድ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ