ከቀላል አውሮፕላን አደጋ በስተጀርባ ያለው የቁጥጥር ጥያቄ

ሰኔ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ከጃክሰን ሆል አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣች አነስተኛ አውሮፕላን ብዙም ሳትርቅ ወድቃ አብራሪዋ ሕይወቱ አልፏል። ሟቹ የዎልማርት መሥራች ልጅ ጆን ዋልተን በመሆኑ ዜናው በአመዛኙ ስለ ሀብቱ ተናገረ። በምርመራው ጎልቶ የወጣው ጉዳይ ግን አንዲት ቆላፊ ቀለበት ናት።

የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ አብራሪው ራሱ መልሶ የገጠማት የኋላ ቆላፊ ቀለበት በአግባቡ አልተገጠመችም ነበር። በዚህም ምክንያት ቀለበቷ የምትይዘው የመቆጣጠሪያ ቱቦ በበረራ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ገመድ ላላ፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኗን መቆጣጠር አልተቻለም። ዋልተን ጀማሪ አልነበረም፤ ቀደም ሲል በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ አውሮፕላኖችን ያበር ነበር።

በመንገደኞች ማመላለሻ አውሮፕላን ላይ የበረራ መቆጣጠሪያ ክፍል ሲነካ፣ ሥራውን ያልሠራ ሌላ ባለሙያ መርምሮ ይፈርማል። ይህ አሠራር የመጀመሪያውን ባለሙያ ባለማመን የመጣ አይደለም። ሰው የራሱን ሥራ ሲመለከት የሚያየው ሊሠራ ያሰበውን እንጂ የሠራውን ላይሆን ይችላል። በግል በሚገጣጠሙ ቀላል አውሮፕላኖች ዘንድ ግን ጠጋኙ፣ መርማሪውና አብራሪው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው።

ሕጉም በአገሩ የላላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ደንብ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ግራም በታች የሆነና አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ባለሞተር አልትራላይት፣ ያለ አብራሪነት ፈቃድና ያለ ብቃት ማረጋገጫ እንዲበር ይፈቅዳል፤ ሰው በተሰበሰበበት ሥፍራ ላይ መብረር ግን ክልክል ነው። የዋልተን አውሮፕላን በመገናኛ ብዙኃን አልትራላይት ብትባልም የተመዘገበችው በሙከራ አውሮፕላንነት ነበር። መጠሪያው በልማድና በሕግ ዘንድ አንድ አለመሆኑ ገዢዎችን ጭምር ሊያሳስት ይችላል።

ይህ ነጻነት ከአሜሪካ ድንበር አይሻገርም። በኢትዮጵያ የአውሮፕላን ምዝገባ፣ የብቃት ማረጋገጫና የአብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለሆነም ቀላል አውሮፕላን ለመግጠም ወይም ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ዜጋ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይኖርበታል። ያገለገለ አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ የጥገና መዝገቡን ከሻጩ መቀበል፣ መጨረሻ የተነካው ክፍል የትኛው እንደሆነና ከጥገናው በኋላ ማን መርምሮ እንደፈረመ ማየት ያስፈልጋል። ከጠጋኙ ፊርማ ሌላ ፊርማ ከሌለበት፣ ከበረራ በፊት ክፍሉ በሌላ ብቁ ባለሙያ ሊታይ ይገባል።