ጨዋታቸውም ይነበብላቸው

ጂንካ ውስጥ ለቅሶ በደረስን ቍጥር የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እንሰማለን፤ የትውልድ ዘመን፣ ትምህርት፣ የሥራ ደረጃ፣ የልጆች ብዛት። በቅርቡ ያረፉት የአንድ ጓደኛችን አባት ታሪክም እንዲሁ ነበር። ከገበያ ሲመለሱ ልጆቻቸውን ደጅ ላይ አሰልፈው እያስጨፈሩ የሚገቡ፣ ባለቤታቸውን ሳያስቁ ወጥ የማይቀምሱ ሰው እንደ ነበሩ የሰማነው ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት ጎረቤቶች ነው። እነርሱም በሹክሹክታ! ጨዋታ መውደድ ነውር ነውን?

የሐመሩ ባላምባራስ አይኬ ቤሪናስ፣ ባልዳምቤ የተባሉት፣ የሐመር አፈ ጉባኤ የነበሩትን የሟች አባታቸውን ሕይወት በቃላቸው ተርከዋል። ትረካው በኢቮ ስትሬከር አማካይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ታትሟል። ከዚያ አስቀድሞም በ1979 በወጣው መጽሐፍ ስለ ከብት ዝላዩና ስለ ጋብቻው የሚናገሩት እርሳቸው ናቸው። የጻፉላቸው የባሕር ማዶ ሰዎች፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ መሆኑ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛን ተማሪዎቹን ያሳፍረናል። የቴፕ መቅረጫ ዛሬ በያንዳንዳችን ኪስ አለ።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ዲመካም ሆነ ወደ ቱርሚ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ የቡና ሸፈሮ ሲፈላ አባቶቻችሁን አጫውቷቸው፤ ማዕርጋቸውን ብቻ ሳይሆን ቀልዳቸውንም ቅረጹ።

ለጓደኛችን አባት አርባ የሚነበበውን ጽሑፍ አብረን እያዘጋጀን ነው። የደጁ ጭፈራ ገብቷል። አንድ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ «ይህስ ይውጣ» ብለዋል፤ እናቱ ግን «ይነበብ» ብለዋል።