ያልተቀበረችው ጎረቤታችን

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሙት መንፈስ ወሬ የሌለበት አሮጌ ቤት አይገኝም። ሆቴሉም ቲያትር ቤቱም የየራሱ አለው። በፌርፋክስ ጎዳና ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ወደ ሰሜን ወጥቶ ዊልሻየር ላይ ወደ ቀኝ ለታጠፈ ሰው የሚያጋጥመው የላ ብሬያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግን ከሁሉም ይለያል። መንፈሱን የሠራው ራሱ ሙዚየሙ ነው።

ቦታው ለወሬ የተመቸ መሆኑን አልክድም። ከመንገዱ ዳር ያለው ጥቁር ኩሬ እሳት ሳይነድበት ሌት ተቀን ይንተከተካል፤ ሽታው መንገድ ተሻግሮ ይመጣል። ስለ ቀትር ጋኔንና ስለ ባሕር ዛር እየሰማ ላደገ ሐበሻ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የሚንተከተከው ግን ሜቴን ጋዝ ነው። ከሰፈሩ ሥር ካለው የነዳጅ ክምችት ድፍድፉ በመሬት ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀላሉ ክፍል ሲተን ሬንጁ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ይኸው ጋዝ በዚሁ በፌርፋክስ፣ ሦስተኛ ጎዳና አጠገብ የነበረ የልብስ መደብር ውስጥ ተጠራቅሞ ፈነዳና 23 ሰዎች ቆሰሉ። የምድር ባቡሩ በዊልሻየር ሥር እንዳያልፍ ለብዙ ዓመታት የተከለከለውም በዚህ ፍራቻ ነበር። የሰፈሩ ትልቁ ጋኔን ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከሬንጁ ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ቅሪቶች ወጥተዋል፦ ማሞዝ፣ ክራንቻው ከአገጩ በታች የሚወርድ ድመት፣ ዛሬ ከምድር የጠፋ ግዙፍ ተኩላ። የሰው አጽም ግን አንድ ብቻ ነው። በ1914 ከጉድጓድ ቁጥር 10 የወጣችው ወጣት ሴት ቢያንስ ከ9,000 ዓመት በፊት የኖረች ናት። የራስ ቅሏ ተሰብሮ ስለተገኘ «በዱላ ተመትታ ነው» ተባለ፤ ከዚያም የከተማዋ የመጀመሪያዋ የግድያ ሰለባ የሚል ማዕረግ ተሰጣት። ቅሉ ከሞተች በኋላም ሊሰበር እንደሚችል የሚናገር ባለሙያ ሰሚ የለውም። አጠገቧ የውሻ አጥንት ተገኝቶ ስለነበር ከውሻዋ ጋር በሥርዓት ተቀብራለች የሚልም ነበር። ኋላ የውሻው ዕድሜ ሲለካ ከእሷ በሺዎች ዓመታት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወሬው ግን እስካሁን ውሻውን ከኋላዋ ያስከትላል።

ሙዚየሙ በ1977 ሲከፈት ይህችን ሴት ለተመልካች ያቀረበበትን መንገድ ዛሬ ሲያስቡት ይገርማል። ከመስታወት ጀርባ አጽም ይታያል፤ ብርሃኑ ሲለዋወጥ አጽሙ ሥጋ ለብሶ፣ ጸጉር አውጥቶ ሴት ይሆናል። ቀጥሎ መልሶ አጥንት ይሆናል። ዘዴው በ1860ዎቹ ጆን ሄንሪ ፔፐር የተባለ እንግሊዛዊ በለንደን መድረኮች ያስለመደው የመስታወት ብልሃት ነው፤ ስሙም «የፔፐር መንፈስ» ነው። አናሃይም ዲዝኒላንድ ውስጥ፣ በመናፍስቱ ቤት አዳራሽ የሚጨፍሩት ሙታን የሚሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ያኔ ልጅ ሆነው ያዩዋት ሰዎች ቢፈሯት አይፈረድባቸውም። ያስደነገጣቸው የሳይንስ ተቋም ነው፣ ያውም ትኬት ቆርጦ።

ይብሱን ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው አካል የእሷ አልነበረም። ከአንዲት ፓኪስታናዊት አጽም የተቀዳ ነበር፤ የሬንጁን መልክ እንዲይዝ ነሐስማ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁመቱ እንዲመጣጠን የጭን አጥንቱ እንዲያጥር ተደርጓል። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ለነባር ሕዝቦች ስሜት ሲባል ትርዒቱ ተነሣ። የእሷ አጽም ግን ዕቃ ቤት ነው ያለው።

ይህን ታሪክ ከወሎ ለጥየቃ ለመጡ አንዲት እናት አጫውቻቸው ነበር። መስታወቱም ጋዙም አላስገረማቸውም። «ታዲያ ቀበሯት?» አሉኝ። አልተቀበረችም አልኳቸው። «ወይ ጉድ! ዘመድ የላትም እንዴ?»

ጥያቄው የፌርፋክስ ጥያቄ ነው። እኛ ሰው ሲሞትብን ምግብ ቤት ውስጥ ሰብሰብ ብለን፣ እድሩም ቤተ ክርስቲያኑም አዋጥቶ፣ አስከሬን አገር ቤት የምንልክ ሰዎች ነን። የበደሉት ሙት አጥንቱ ይወጋል ሲባል ሰምተን አድገናል። ስለዚህ የመንፈስ ወሬ ሲነሣ እኔ የምጠይቀው መንፈሱ አለ ወይስ የለም ብዬ አይደለም፤ ባለቤቱ ማነው ነው የምለው።

ባለቤት አላት። የሎስ አንጀለስ ተፋሰስ የቶንግቫ ሕዝብ አገር ነው፤ አባቶቻቸው በሬንጅ ታንኳ ይደፍኑ ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1994 እውቅና ሰጥቷቸዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን አልሰጠም። አጽም ለነባር ሕዝቦች እንዲመለስ የሚያዘው የ1990ው ሕግ ደግሞ የሚያስቀድመው የፌዴራል እውቅና ያላቸውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዘመድ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ መታወቂያ ይጠየቃል።

«9,000 ዓመት ያለፈውን ሰው ማን ዘመዴ ሊል ይችላል?» የሚል ይኖራል። በ1996 ዋሽንግተን ግዛት፣ ኬነዊክ ከተማ፣ ወንዝ ዳር ለተገኘው ሰውም ይኸው ተብሎ ነበር። ዕድሜው ከእሷ ብዙ አይርቅም። ሳይንቲስቶችና ነባር ሕዝቦች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተከራከሩበት። በ2015 የዘር ምርመራው የነባሮቹን ቃል አጸና፤ በ2017 በሥርዓት ቀበሩት።

ድንቅነሽን የሚያነሣብኝ እንዳለ አውቃለሁ። በ2007 ከአዲስ አበባ ተነሥታ አሜሪካን ስትዞር፣ በመጨረሻም በ2013 እዚሁ አጠገባችን ሳንታ አና ስትታይ ተሰልፈን አይተናታል። «መውጣት አልነበረባትም» ያሉትን ተቆጥተንባቸው ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እነሱም እውነት ነበራቸው። ቢሆንም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሌላ ነገር ነው፤ ድንቅነሽን አንድ ጎሣ ለብቻው ቀብሬ ላልቅስላት አይልም። የዊልሻየሯን ሴት ግን የሚጠይቅ ሕዝብ ዛሬም በዚህ ከተማ ይኖራል።

ሙዚየሙ የሚሰማኝ ከሆነ፣ መስታወቱ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ ይትከል። እዚህ ምን እንደታየ፣ አካሉ የማን እንደነበረ፣ ለምን እንደተነሣ ይጻፍበት። የመቃብሩን ነገር ቶንግቫዎች ይወስኑ፤ ይቀመጥ ካሉም የእነሱ ነው። ለዚያች ፓኪስታናዊት ግን ሰሌዳው ላይ ቢያንስ አንድ መስመር ይሰጣት። የመንፈሱ ወሬ ውስጥ እንኳ እሷ የለችም።