ከድጡ ወደ ማጡ

ሲጋራ ላቆም ነው ያለ ሰው በአገራችን መካሪ አያጣም። አንዱ ማስቲካ አኝክ ይለዋል፤ ሌላው ዝንጅብል ቆርጥም፣ ሦስተኛው ውኃ አብዝተህ ጠጣ። ከእነዚህ መካሪዎች ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ ምክር ጋር ብቻ ነው። ይህ ምክር በለሆሳስ፣ በወዳጅነት፣ ትከሻ መታ መታ እየተደረገ የሚሰጥ ነው፦ «አንዷን ዋጥ አድርግና ተኛ፤ ሲጋራውን ትረሳዋለህ።»

ያቺ «አንዷ» ስም አላት፤ ዳያዝፓም ትባላለች። እነ ሎራዜፓምና አልፕራዞላም የሚባሉ እኅቶችም አሏት። ሥራቸው ማረጋጋትና ማስተኛት ነው። ይህን የምጽፈው እነርሱን የሲጋራ ማቆሚያ አድርጎ የሚያቀርበውን ምክር ለመቃወም ነው። የምቃወመውም ካነበብሁት ተነሥቼ ብቻ አይደለም፤ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ዋጋውን ከፍዬበታለሁና።

ዐሥራ አንድ ዓመት አጨስሁ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስ ሲከለከል እንኳ አላቆምሁም፤ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ ቀጠልሁ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግን ቆረጥሁ። በሦስተኛው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ደንበኛ ላይ ጮኽሁ፤ ሌሊቱን ጣራ ስቆጥር አነጋሁ። ይህን ያየ አንድ ባልደረባዬ ከኪሱ ጥቂት ክኒኖች አውጥቶ «የእናቴ ናቸው፤ ለእንቅልፍ የታዘዙላት» ብሎ ሰጠኝ። እነርሱ ሲያልቁ ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጥልኝ አላጣሁም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ግንድ ተጋድሜ አሳለፍሁት። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋትም ግማሽ ጨመርሁ። በአራተኛው ሳምንት አንዲት እናት 10,000 ብር ሊያወጡ መጡ። የባለ 100 ብር አንድ እስር መስጠት ሲገባኝ የባለ 200 ብር አንድ እስር ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ 10,000 ብር ጎደለኝ። በማግሥቱ እኒያ እናት ብሩን በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ትናንት አሞህ ነበር እንዴ? ዐይንህ እኔን አያየኝም ነበር» አሉኝ።

አላመመኝም ነበር። ተረጋግቼ ነበር።

ክርክሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መረጋጋት ሁሉ ጤና አይደለም፤ መንቀጥቀጥ ሁሉም በሽታ አይደለም። ኒኮቲን ሲቀር የሚመጣው መነጫነጭ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለዝባል። ማረጋጊያውን በየዕለቱ የሚውጥ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ከክኒኑ ጋር ሊተሳሰር የሚጀምረው በእነዚያው ሳምንታት ነው። አንዱ ባለዕዳ ሊሰናበት ሲል ሌላውን ጠርተን የቤቱን ቁልፍ እንሰጠዋለን ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ሲወጣ ምን ያስከትላል? እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ... ልክ ያ የሸሸነው ነገር፣ ያውም ብሶበት። ብዙ የወሰደና ረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው በድንገት ቢያቆም ራስን አስቶ የሚያንዘፈዝፍ፣ ለሞትም ሊያበቃ የሚችል ሕመም ሊይዘው ይችላል። ሲጋራ ማጨስ ይገድላል፤ ሲጋራን የማቆም ጭንቀት ግን በራሱ ሰው አይገድልም። ክኒኑን በድንገት ማቆም ግን ሊገድል ይችላል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው፣ ቦስተንን መናኸሪያው ያደረገ አንድ የመድኃኒት ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ዳያዝፓም የሚያጨሱ ሕሙማንን ከማያጨሱት ባነሰ ሁኔታ ያደነዝዛቸዋል። ኒኮቲን ራሱ አነቃቂ ነውና። ስለዚህ ሲጋራውን እያጨሰ «ይህችማ ምንም አላደረገችኝ» ያለ ሰው፣ ሲጋራውን በጣለ ማግሥት ያቺው ክኒን ልትከብደው ትችላለች። በላይዋ መጠጥ ከተጨመረባት ደግሞ እንቅልፉ እስትንፋስን እስከ ማዳከም ይደርሳል።

ሁለተኛው የቡና ነገር ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያፋጥነዋል። ጭሱ ሲቀር ጉበት ወደ ቀድሞ ዝግታው ይመለሳል፤ የጠጣነው ቡና ልክ ሳይለወጥ በደማችን ውስጥ ያለው ካፌይን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣውን ወዳጃችንን አስቡት። ሲጋራውን አቁሞ ቡናውን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ልቡ ይመታል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። «ሲጋራው ነው» ይላል፤ ክኒን ይውጣል። ከክኒኑ በፊት በረካውን፣ ቢቻል ቶናውንም ቢተው ምን ነበረበት? በነጻ የሚገኝ መድኃኒት ስኒው ውስጥ እያለ!

«ሐኪሞችስ ያዝዙት የለም ወይ?» የሚለኝ አለ። አዎን፣ ያዝዙታል፤ ለበረታ ጭንቀት፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለጡንቻ መኮማተር። ክኒኑን አልሰድበውም፤ በቦታው ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ታሪኩን ማወቅ ደግ ነው። ዳያዝፓም ሊዮ ስተርንባክ በተባለ ኬሚስት እጅ ተሠርቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ቫሊየም በሚል ስም ገበያ ላይ ሲውል፣ ከቀደሙት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ይልቅ ጉዳት አልባ ተብሎ ተወደሰ። በአሜሪካ ለዓመታት ከሁሉ ይበልጥ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆነ። ጣጣው የታየው ቆይቶ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ከእነ እኅቶቹ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገባ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ ሱስና ስለ ማቆም ጣጣው ከሁሉ ጠንካራ የሆነው ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲሰፍር አዘዘ። በእኛም አገር በልዩ ማዘዣ እንጂ በወዳጅ ኪስ እንዲዞር የተፈቀደ አይደለም።

ከሁሉም በላይ፣ ለዚህ ጉዳይ አልሠራም። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ፣ ጭንቀት አስታጋሽ መድኃኒቶች ዳያዝፓምን ጨምሮ ሲጋራ ለማቆም እንደሚረዱ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ይህን ሁሉ ዕዳ የምንገባው ለባዶ ነው ማለት ነው!

«ታዲያ ምን ይሁን?» ለዚህም መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን ልጣፍና ማስቲካ፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን ከባለሙያ ምክር ጋር እንዲሰጡ ይመክራል። እነዚህ በአቅራቢያችን እንደ ልብ አይገኙም የሚል ቢኖር እሺ፤ ግን የእውነተኛው መድኃኒት አለመገኘት የተሳሳተውን ትክክል አያደርገውም። እንዲያውም ማረጋጊያ ክኒን በድንገት ያቋረጠ ሰው ቡፕሮፒዮን እንዳይወስድ ይከለከላል፤ የሚያንዘፈዝፈው ሕመም እንዳይነሣበት ስለሚፈራ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ያ ክኒን ራሱ አለመሥራቱ ሳያንስ የሚሠራውን በር ይዘጋል።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም አንድ ቃል አለኝ። ከመካከላችን ያለ ጭስ ስንኝ አይመጣም ብሎ የሚያምን ስንቱ ነው! እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ሲጋራውን ስተው ግጥሙ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነበር፤ ያጠፋብኝ ግን ክኒኑ ነው። አዲስ ነገር የሚቀረጽበትን የማስታወስ ኃይል ያደበዝዛልና፣ ማታ የጻፍሁትን ጠዋት የሌላ ሰው ጽሑፍ አድርጌ አነበብሁት። ሰባት ሳምንት፤ አንድም የእኔ የምለው ስንኝ የለም። ገጣሚ ከሕመሙ ጋር ነቅቶ ካልዋለ በምን ይጽፋል?

በሰባተኛው ሳምንት ክኒኑ አለቀ፤ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አደርሁ፤ በአራተኛው ቀን ሲጋራ ገዛሁ። ሁለቱንም ተሸከምሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ፊት ቀርቤ እውነቱን የተናገርሁት። ክኒኑን በአንድ ቀን እንዳልጥል አስጠንቅቆ፣ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እያስቀነሰ አስተወኝ። ይህን ስታነቡ ክኒኑ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ አደራ፣ በእኔ ቃል ተነሥታችሁ ዛሬውኑ አትወርውሩት፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ሲጋራውን ደግሜ ተውሁ፤ በዚህኛው ጊዜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብዬ አየሁት። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ቡናዬን በአቦል ገታሁ። ወር ሳይሞላ እጄ ጸና።

ስለዚህ ወዳጅ ሆይ፣ ሲጋራ የሚያቆም ባልደረባህን ስታይ እጅህን ወደ ኪስህ አትስደድ። ከጎኑ ተቀመጥ። ጩኸቱን ቻለው። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ አግዘው። ሌላው ምጽዋት ይቅርብህ።

ጭሱን ላባርር ብዬ እንቅልፍን ጠራሁት፤
እንግዳዬ ነው ስል ጌታዬ አደረግሁት።
ተውት ይንቀጥቀጥ እጄ፣ ነቅቶ ከቆጠረ፤
በሰከነው እጄ ነው ሒሳቤ የተሳከረ።

ቸር ይግጠመን።